ከልጆች ጋር ሶፋ ላይ፦ የክረስቲ አባት



ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ ሊለቀቁ ሲሉ አንዲት እናት ኮሪደሩ ላይ ያዝ አደረገችኝና «ጋሼ፣ ልጄ ሲምፕሰንስ የሚሉትን ካርቱን ካልሆነ አላይም ብሏል። አባቱን የማያከብር ልጅ አለበት አሉ። ልከልክለው እንዴ?» አለችኝ። በጥድፊያ ላይ ስለነበርኩ «እስቲ ላስብበት» ብዬ አለፍኳት። ከዚያ ግን ጥያቄው የሷ ብቻ አለመሆኑ ገባኝና መልሱን በዚህ አምድ ልጻፈው አልኩ።

አጭሩ መልስ፦ ለትንንሾቹ አይሆንም። አሥር ዓመት ያለፋቸው ግን ከእናንተ ጋር ተቀምጠው ቢያዩት ጥሩ ነው። ረጅሙ መልስ የሚመለከተው አንድ ሽማግሌ ሰው ነው። እኚህ ሰው በፕሮግራሙ ውስጥ ዋና ገጸ ባሕርይ አይደሉም፤ የዋናው ገጸ ባሕርይ ወዳጅ አባት ናቸው። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ የታዩትም ከስንት አንዴ ነው። ረቢ ሃይማን ክረስቶፍስኪ ይባላሉ። ልጃቸውን «ልጄ አይደለም» ብለው ደጃቸውን የዘጉ ሰው ናቸው።

ፕሮግራሙን ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። ሲምፕሰንስ በአሜሪካ በፎክስ ቴሌቪዥን በ1989 መጨረሻ ላይ የጀመረ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው) እስከ ዛሬም ያላለቀ የካርቱን ኮሜዲ ነው። ባርት የ10 ዓመት ረባሽ ነው። እህቱ ሊሳ የ8 ዓመት አንባቢ። አባታቸው ሆመር ሆዱን የሚወድ፣ ሥራ የማይወድ፣ ክፋት ግን የሌለበት ሰው ነው። እናታቸው ማርጅ ሁሉን ችላ ቤቱን ይዛለች። ባርት አባቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ የሚያመልከው ክረስቲ የሚባለውን የልጆች ቲቪ ክላውን ነው። ክረስቲ ፊቱን ነጭ የተቀባ፣ በጆሮዎቹ አናት ላይ አረንጓዴ ጸጉር የተንጨፈረረበት ቀልደኛ ነው። ካሜራው ሲጠፋ ግን ሲጋራውን የሚለኩስ፣ በቁማር ገንዘቡን የሚያጠፋ፣ ስሙን ባገኘው ዕቃ ሁሉ ላይ እየለጠፈ የሚሸጥ የደከመው ሰውዬ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ። የክረስቲን ቀለም ብታጥቡት ከስሩ የሚወጣው የሆመር ፊት ነው። የፕሮግራሙ ፈጣሪ ማት ግሬኒንግ ሆን ብሎ ነው እንዲህ ያደረገው፤ ልጁ አባቱን እየናቀ የአባቱን ፊት የያዘውን ክላውን ያመልካል። የሁለቱንም ድምፅ የሚሰጠው ያው አንድ ተዋናይ ዳን ካስቴላኔታ ነው። ስለዚህ ያቺ እናት «አባቱን የማያከብር ልጅ» ያለችው ነገር እውነት ነው፤ የጻፉት ሰዎችም ያውቁታል፤ የሚቀልዱትም በዚያው ላይ ነው።

ወደ ረቢው ልመለስ። ኦክቶበር 24 ቀን 1991 በተላለፈው ክፍል ባርት ቀደም ሲል ክረስቲን ከእስር ቤት አድኖት ስለነበር ክላውኑ ለምስጋና ቤታቸው እራት ሊበላ ቃል ገብቷል። እየደጋገመ ከቀረ በኋላ በመጨረሻ ይመጣል። ማዕዱ ቀርቦ «እንግዳ ነህና አንተ ባርክልን» ይሉታል። ይሄ በሲጋራና በቁማር የምናውቀው ሰው ዓይኑን ይጨፍንና አይሁድ ዳቦ ከመቁረሳቸው በፊት የሚሉትን ቡራኬ በዕብራይስጥ አንድም ሳያስት ይለዋል። ሆመር በሳቅ ይፈርሳል፤ ሰውየው ለቀልድ የፈጠረው ቋንቋ መስሎታል። ሊሳ ናት «አባዬ፣ ይሄ እኮ ዕብራይስጥ ነው» የምትለው። ክረስቲም ማልቀስ ይጀምራል። እውነተኛ ስሙ ሄርሼል ክረስቶፍስኪ መሆኑን፣ አባቱ ረቢ፣ እሱም ረቢ እንዲሆን የታሰበ ልጅ እንደነበረ ይነግራቸዋል።

ይቺን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንዳየኋት አላውቅም። ልጆቻችሁም ቢሆኑ ምን እየሆነ እንዳለ ይገባቸዋል። ጓደኛቸው ፊት ስልክ አንስተው በአማርኛ ሲመልሱ፣ ጓደኛው «ምን ዓይነት ድምፅ ነው የምታወጣው?» ብሎ የሳቀባቸው ልጆች በክፍሌ ውስጥ አሉ፤ ነግረውኛል። የነሱ ሆመር ያ ጓደኛቸው ነው።

ልብ በሉልኝ፣ ክረስቲ የታልሙዱን ክርክር አላስታወሰም፤ አባቱ ሌት ተቀን የሚያነቡትን ትልልቅ መጽሐፍም አልጠቀሰም። ከአፉ የወጣው ዳቦ በተቆረሰ ቁጥር ቤት ውስጥ ሲባል የሰማው ነገር ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ ይሄን ማመን ትንሽ ይከብደኛል፤ ግን ያው እውነት ነው። እኛ በሳምንት ሦስት ሰዓት ነው ያለን። ማዕዱ ያለው እናንተ ቤት ነው።

የጠቡ ምክንያት እነሆ። ሄርሼል ልጅ ሆኖ አባቱ ብልህና የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ሠፈርተኛው ምክር ሊጠይቃቸው መንገድ ላይ ያስቆማቸዋል። ልጁ ሰው ማሳቅ እንደሚፈልግ ሲነግራቸው ሕይወት ሳቅ አይደለችም ይሉታል። እሱም ተደብቆ ክላውን ይሆናል። አንድ ቀን፣ ከኒው ዮርክ በስተሰሜን ባሉት በካትስኪል ተራሮች፣ የአይሁድ ቤተሰቦች ክረምቱን ያሳልፉበት በነበረው አገር፣ በረቢዎች ጉባኤ ላይ ሲሠራ አንዱ ለቀልድ ጋዝ ያለው ውኃ ፊቱ ላይ ይረጭበታል። ቀለሙ ይታጠባል። አባት የልጃቸውን ፊት ያያሉ። ከዚያች ቀን ወዲያ ልጅ የለኝም አሉ።

ይሄን «የፈረንጅ ነገር» ብሎ የሚያልፍ ሐበሻ ካለ እኔ አላውቀውም። የደህና ሰው ልጅ መሰንቆ ይዞ አዝማሪ ልሁን ቢል ድሮ ቤቱ ምን ይባል እንደነበር ታውቃላችሁ። ሰርጉ ያለ አዝማሪ አይደምቅም፤ ልጅን ለአዝማሪነት መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ዛሬም መሰንቆውን አንስተን በቦታው ሌላ ሙያ አስገባንበት እንጂ ንግግሩ ያው ነው።

ቀጥሎ ያለውን ክፍል ከልጆች ጋር ስታዩ «ሽማግሌ መላክ» ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አታገኙም። ባርትና ሊሳ ሽማግሌ ሆነው ይሄዳሉ፤ አንዱ የ10 ዓመት፣ አንዷ የ8 ዓመት ሽማግሌ። በሩን አንኳኩተው ስለ ልጃቸው ሲያነሱባቸው ረቢው ልጅ የለኝም ብለው በሩን ይደረግሙባቸዋል። ባርት ወደ እህቱ ዞሮ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተን የተሳሳተ ሰው ቤት ነው ለካ የመጣነው ይላታል። ወዲያው በሩ ይከፈትና ረቢው፣ ቃል በቃል ማለቴ አይደለም እኮ! ይላሉ። እኔ ይሄን ባየሁ ቁጥር እስቃለሁ፤ ግን ደግሞ ጉዳዩ ሁሉ እዚያች ቀልድ ውስጥ ነው ያለው። በሩን የዘጉት ሰው «ልጅ የለኝም» ያሉት ቃል እንዳይታመንባቸው ፈርተው ተመልሰው ከፈቱት።

ልጆቹ ተስፋ አይቆርጡም። ሊሳ ቤተ መጻሕፍት ገብታ ስለ ይቅርታ የሚናገር ጥቅስ ከታልሙድ ትፈልጋለች፣ ባርት ይዞ ይሮጣል፤ ረቢው ደግሞ በሌላ ጥቅስ ያፈርሱበታል። እንዲህ እየተመላለሱ ይሸነፋሉ። (በነገራችን ላይ ሁለት እውነተኛ ረቢዎች ለዚህ ክፍል አማካሪ ሆነው ስማቸው በመጨረሻው ዝርዝር ላይ ተጽፏል፤ የቀልድ ካርቱን ነው ብለው አልናቁትም።) በመጨረሻ ባርት አይሁድ ስንት መከራ ችለው እንዳለፉ የሚናገር አንድ ቃል ያነብላቸዋል። ረቢው ልባቸው ይነካና የትኛው ጥንታዊ ሊቅ ነው ይሄን ያለው እያሉ ስም ይደረድራሉ። ባርት፣ ሳሚ ዴቪስ ጁኒየር የሚባል አርቲስት ነው ይላቸዋል። ሳሚ ዴቪስ ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝ፣ ዳንሰኛና ቀልደኛ ነበር፤ በጉልምስናው የአይሁድን ሃይማኖት የተቀበለ ሰው። እንግዲህ ሊቁን ያሸነፋቸው መድረክ ላይ ቆሞ ሰው የሚያስደስት ሰው ነው ማለት ነው። ልጃቸው የመረጠው ሥራ። ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ተነሥተው ልጃቸው ያለበት ስቱዲዮ ይሄዳሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ ባርት የክሬም ኬክ ያቀብላቸዋል፣ ረቢ ክረስቶፍስኪም የገዛ ልጃቸውን ፊት በክሬም ይለውሱታል። የልጆቹ ጭብጨባ መዓት ነው።

ይሄ ሁሉ የተቀዳው ከአንድ አሮጌ ፊልም ነው። «ዘ ጃዝ ሲንገር» ይባላል፤ በ1927 የወጣ፣ ተዋናዮች ሲናገሩና ሲዘፍኑ ከተሰማባቸው የመጀመሪያዎቹ ረጃጅም ፊልሞች አንዱ። እዚያም አባት በምኩራብ ዜማ የሚመሩ ናቸው፤ ልጅ ጃዝ ይዘፍናል፤ አባት ያባርሩታል። ረቢ ክረስቶፍስኪ ልጃቸውን ሲያባርሩ የጃዝ ዘፋኝ እንኳ ብትሆን ይቅር ባልኩህ የሚሉት ለዚህ ነው። የፊልሙ ተዋናይ አል ጆልሰን ራሱም የእንዲህ ያለ የምኩራብ አገልጋይ ልጅ ነበር።

ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን የረቢውን ድምፅ የሰጠው ሰው ነው። ጃኪ ሜሰን ይባላል። አባቱ ረቢ፣ አያቱ ረቢ፣ ወንድሞቹ ሦስቱም ረቢ። ያደገው በኒው ዮርክ ሎወር ኢስት ሳይድ ነው፤ ካርቱኑም የክረስቲን የልጅነት ሠፈር በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። እሱም እንደ ቤቱ ወግ ረቢ ሆኖ ተሾመ። ልቡ ግን ቀልድ ላይ ነበር። አባቱ በ1959 ካረፉ በኋላ ነው ረቢነቱን ትቶ ጠቅልሎ ወደ መድረክ የገባው። አስቡት እንግዲህ፤ አባቱ በሕይወት እያሉ ሊያደርገው ያልቻለውን ነገር ያደረገ ሰው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ «ልጅ የለኝም» የሚሉትን አባት ይጫወታል። የማንን ድምፅ ይሰማ እንደነበር እኔ ምን ልበላችሁ። ለዚያ ሥራ በ1992 የኤሚ ሽልማት ተሰጠው። በ2021 ዐረፈ።

ታሪኩ በክሬም ኬኩ ቢያልቅ ኖሮ ደህና ተረት ነበር፤ ይሄን ያህልም አልጽፍም ነበር። ጸሐፊዎቹ ግን እየቆዩ ተመለሱበት። በ2003 በወጣው ክፍል ክረስቲ ባር ሚጽቫ የሚባለውን፣ አይሁዳዊ ወንድ ልጅ በ13 ዓመቱ የሚያደርገውን ሥርዓት እንዳላደረገ ይታወቃል። የረቢ ልጅ ሆኖ! አባትየው ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ያላግጥብናል ብዬ ፈራሁ ይላሉ። ልጁን ከሥርዓቱ ያራቁት ራሳቸው ናቸው። ክረስቲ በዚያ ዕድሜው ይማርና መጀመሪያ በቴሌቪዥን ላይ የደመቀ ትርኢት አድርጎ ገንዘብ ያገኝበታል፤ ያው ክረስቲ አይደል። አባቱ ማዘናቸውን ሲያይ ግን ያለ ካሜራ፣ በምኩራብ ውስጥ ደግሞ ያደርገዋል።

ከዚያ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2014። ክረስቲ በመድረክ ላይ ክፉኛ ተሰድቦ ልቡ ተሰብሯል፤ አባቱ ዘንድ ሄዶ በሕይወቱ ሙሉ ያልደፈረውን ጥያቄ ይጠይቃል፦ አባባ፣ አስቂኝ ነኝ ወይ? ረቢው አስበው፣ አስበው፣ እውነቱን ልንገርህ ብለው ይጀምሩና «ኧ...» ብለው ትከሻቸውን እንደመስበቅ ሲሉ ነፍሳቸው ትወጣለች። የመጨረሻ ቃላቸው እሱ ነው። በኛ ቋንቋ «ምንም አይል» እንደማለት።

ክረስቲ የቀረውን ክፍል በዚያች «ኧ» ሲሰቃይ ነው የሚያሳልፈው። የሚያድነው አሁንም ባርት ነው፤ ወደ አንድ ምኩራብ ይወስደዋል። አባቱ በጣም የሚወዱት ረቢ እዚያ ሲሰብክ ቀልድ እየጣለ ነው፤ ክረስቲ ሲያዳምጥ ቀልዶቹ ሁሉ የራሱ ናቸው። ረቢው ከሱ ፕሮግራም ነው የሚወስዳቸው። ለካ አባቱ ዕድሜ ልካቸውን በልጃቸው ቀልድ ሲስቁ ኖረዋል፤ ከሌላ ሰው አፍ። ብዙ ተመልካች ይሄ መጨረሻ አልበቃኝም ብሏል። እኔም አልበቃኝም። አባቱ አያውቁትማ! ልጁ ብቻውን ነው የታረቀው።

አሁን የራሴን ላውራ፤ እናንተን ስመክር ራሴን እንዳልደብቅ። አምና በዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ላይ የ13 ዓመቷ ልጄ መድረክ ወጥታ በአማርኛ ቀልድ ስታቀርብ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። እኔን ነበር የምታስመስለው፤ አዲስ አበባ ስደውል ባሕሩን በጩኸት ማሻገር ያለብኝ ይመስል የምጮኸውን፣ «ደህና ነን፣ እናንተስ ደህና ናችሁ? እኛ ደህና ነን» እያልኩ ሃያ ደቂቃ የምጨርሰውን፣ ልዘጋ ነው ካልኩ በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው የምጀምረውን። አዳራሹ ተናወጠ። ይቺ ልጅ ቤት ውስጥ በአማርኛ ጥያቄ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ናት፤ ያን ቀን ስድስት ደቂቃ ሙሉ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አልወጣትም። መኪና ውስጥ ስንገባ እኔ ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «ደወልኳቸው አይባልም፤ ደወልኩላቸው ነው የሚባለው።»

«እሺ አባዬ» አለችና የጆሮ ማዳመጫዋን አጠለቀች። ዘንድሮ ዝግጅት ላይ ትሳተፊያለሽ ወይ ስትባል አልፈልግም አለች። ምክንያቱን ለወራት የቤት ሥራው በዝቶባት ነው ስል ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ያንን የ2014ቱን ክፍል አብረን አየን። ረቢው «ኧ» ሲሉ እሷ ቴሌቪዥኑን ተወችና እኔን አየችኝ። ምንም አላለችም። እኔም ወዲያው አልተናገርኩም፤ አንደበቴ ተያዘ። ካለቀ በኋላ፣ ሳህን እያነሳሁ፣ «ያን ቀን እኮ ከኋላ ቆሜ እንባዬ እስኪወርድ ነው የሳቅሁት» አልኳት።

«መቼ?»

«የስልኩን ስታሳዪ።»

ዝም አለች። ቀጥላ፣ «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለች። መልስ ፈለግሁ፤ አጣሁ። «እንጃ» አልኩ። እሷ ደግሞ ስልክ እንደያዘ ሰው እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ በኔው ድምፅ፣ «ደወልኩላቸው! ደወልኩላቸው! ሰማችሁ? ላቸው!» እያለች ወደ ክፍሏ ወጣች።

ያቺ እናት ይሄን እያነበብሽ ከሆነ፣ አትከልክዪው፤ አጠገቡ ተቀመጪ። ክፍሎቹ ሦስቱም ዲዝኒ ፕላስ ላይ አሉ፦ ሦስተኛው ምዕራፍ 6ኛ ክፍል፣ ዐሥራ አምስተኛው ምዕራፍ 6ኛ ክፍል፣ ሃያ ስድስተኛው ምዕራፍ 1ኛ ክፍል። በመጀመሪያው ጀምሩ፤ የመጨረሻውን ሞት ስላለበት ለትልልቆቹ አቆዩት። ከእያንዳንዱ በኋላ ልጆቹ ታሪኩን በአማርኛ ይንገሯችሁ፤ ሲሳሳቱ እስኪጨርሱ ጠብቁ። የሚያስፈልጓቸው ቃላት ተኳረፈ፣ አስታረቀ፣ ሽማግሌ፣ ቡራኬና ማዕድ ናቸው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ በሦስተኛ ደረጃ ክፍል እንሠራባቸዋለን። ሊሳ ለረቢው የምትጽፈው ደብዳቤ ቢኖር ምን ትል ነበር የሚል የቤት ሥራም ይዘው ይመጣሉ።

ለዘንድሮው የመዝጊያ ዝግጅት መዝሙር፣ ግጥም፣ ተረት ወይም ቀልድ የሚያቀርቡ ልጆች ስማቸውን በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጻፉ። ወረቀቱን ቅዳሜ ጠዋት በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ። የኔዋ እስካሁን አልጻፈችም።